የሰሜን ተራሮች መንገድ የማን ነው?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ፤ የፈተና እርማት ስጨርስ ዛሬ ጊዜ አገኘሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየገጹ የማየው ነገር አንዱ ደስ ይለኛል፤ ወጣቶቻችን ቦርሳ አዝለው ሰሜን ተራሮች ይወጣሉ። ድሮ ሃይኪንግ ሲባል የፈረንጅ ሥራ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ሳንቃበር ድንኳን ተክለው፣ ጨነቅ ላይ ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር ፎቶ ተነስተው የሚለጥፉት የራሳችን ልጆች ናቸው። እሰየው ነው። ግን ከፎቶው ሥር "ሰው ያልነካው ምድር" የሚል ነገር ሳነብ ዝም ማለት ያቅተኛል። ሰው ያልነካው? ወገኖቼ፣ እዚያ መንገድ ላይ ያልሄደ ማን አለ?

እስኪ ከሩቁ እንጀምር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ካሌብ ጊዜ፣ ኮስማስ የሚባል ከግብፅ የመጣ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ ጽሑፍ አግኝቶ ገለበጠው። ጽሑፉ በድንጋይ ዙፋን ላይ የነበረ፣ ስሙ ያልቀረ የአክሱም ንጉሥ ድሉን የዘረዘረበት ነው። ንጉሡ ካስገበራቸው አገሮች አንዱ ሰሜን ነው። ወንዝ ተሻግሮ (ምሁራን ተከዜ ነው ይላሉ) በረዶና ቁር ወደማይለየው ተራራ ጦሩን እንዳወጣ፣ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርስ እንደነበር ይናገራል። እንግዲህ አስቡት፤ ስለ ሰሜን ተራራ በጽሑፍ ከቀሩልን ጥንታዊ መረጃዎች አንዱ የእግር ጉዞ ወሬ ነው። ለዚያውም የወታደር።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። ካርታ ስትመለከቱ ሰሜን ተራሮች ከአክሱም በስተደቡብ ናቸው። ታዲያ ለምን "ሰሜን" ተባሉ? ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚሉት ቃሉ በጥንቱ ግዕዝ ደቡብን ያመለክት ነበር። ለአክሱም ሰው ተራራው በደቡብ ነዋ! በኋላ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ ሲወርድ ያው ተራራ በሌላ በኩል ቀረ፣ ቃሉም ትርጉሙ ተገለበጠ። ተራራው አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው የሚያየው ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁሌም አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ ታዲያ ኮምፓሱ ተበላሽቶ ነበር?" ይለኛል።

ወደ መካከለኛው ዘመን እንምጣ። በ16ኛው መጨረሻና በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ሠርፀ ድንግልና አፄ ሱስንዮስ በዚህ አገር የዘመቱት በቤተ እስራኤላውያን ላይ ነበር። ቤተ እስራኤላውያን በሰሜን አምባዎች ላይ ምሽግ ይዘው ብዙ ዘመን ተከላክለዋል። ዛሬ እኛ "ቪው ፖይንት" ብለን ቆመን ፎቶ የምንነሳበት ዓይነት ገደል፣ ለነሱ ግንብ ነበር። ገደሉ ያው ነው፤ የቆመበት ሰው ጉዳይ ነው የተለየው።

ጎንደር ከተማ ሆና ስትደምቅ ደግሞ መንገዱ የነጋዴ ሆነ። ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በአድዋ በኩል ምጽዋ የሚደርሰው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የአገሪቱ ዋና የንግድ መስመር ከነበሩት አንዱ ነው። ወደ ባሕር ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ወደ ላይ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። አጋሰስ ተጭኖ፣ ነጋድራስ ቀድሞ፣ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ የሊማሊሞ ዳገት ወጥቶ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ዳገቱ እንዴት እንዳስጨነቀው ጽፏል። በዚያው ዳገት በየዓመቱ ጭነት እየነዱ የሚመላለሱት የኛ ነጋዴዎች ግን መጽሐፍ አልጻፉም። በዚህ የተነሳ ብሩስን እናውቀዋለን፣ እነሱን አናውቃቸውም። ጣሊያን በወረራው ጊዜ በዚያው ገደል ላይ የመኪና መንገድ ጠመዘዘበት፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ሊማሊሞን በመኪና መስኮት ነው የምናውቀው።

ፖለቲካውም እዚሁ ነው የተፈታው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ ነበር። ለንግሥናቸው ያሰቡትን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በሰሜን አሠሩ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃች ካሳ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ካሳ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። እቴጌ ጣይቱም የዚሁ የሰሜን ቤት ልጅ ናቸው፤ ደጃች ውቤ የአባታቸው የብጡል ወንድም ናቸው። ራስ ደጀንን ለመውጣት (4,550 ሜትር ገደማ ነው) ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣ ሰው ይህን ሳይሰማ ሲመለስ ያሳዝናል።

አሁን ወደሚከብደው ክፍል ልግባ።

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በሕግ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መዝገቡ ሲከፈት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ሁለቱ የኛ ናቸው። ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን ፓርኩ ሲከለል መሬቱ ባዶ አልነበረም። ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚጠበቅበት፣ ሰው የሚቀበርበት አገር ነበር። በደርግ ጊዜ ከገደሉ ግርጌ ያሉ ነዋሪዎች በግድ ተነሱ። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፣ ፓርኩ ለዓመታት ጠባቂ አልባ ሆነ። በ1996 ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውና ሰፈራው እየሰፋ፣ መንገድም እየተሠራበት ነው ተብሎ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ።

በመጨረሻ ተራው የግጭ ሆነ። ግጭ ከሳንቃበር ቀጥሎ ተጓዡ የሚያድርበት፣ ጅብራው እንደ ዘብ የቆመበት ከፍታ ነው። እዚያ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ተነስተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። እኛም አጨበጨብን።

እውነቱን እንነጋገር። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ በዱር አይገኝም። ከጠፋ ጠፋ ነው። ገደል አፋፍ ድረስ ሲታረስና ጓሳው ሲጋጥ ዝም ይባል የሚል ሰው አይደለሁም። ካሳ ተከፍሏል፣ ቦታም ተሰጥቷል። ግን ዕድሜ ልኩን ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ዋልያን እወዳለሁ የሚል ሁሉ መጠየቅ አለበት። ዋልያውን ለማትረፍ ዋጋ የከፈለው አዲስ አበባ ያለው ተጓዥ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። የከፈለው የግጭ ሰው ነው።

ሌላም አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ሲቃጠል ኬንያ ሄሊኮፕተር፣ እስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ላከች፤ እናመሰግናለን። ከነሱ በፊትና ከነሱ ጋር ግን ቅጠል ይዞ፣ ውሃ ተሸክሞ በእግሩ ዳገቱን የወጣው የአካባቢው ሕዝብ ነው። መንገዱን ማን ያውቀዋልና! "ሰው የፓርኩ ጠላት ነው" የሚሉ ሰዎች ያን ሰሞን የት ነበሩ?

ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ የውጭ ቱሪስት ቀንሶ ጋይዱም፣ ስካውቱም፣ ምግብ አብሳዩም፣ በቅሎ ነጂውም እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ጊዜ ብዙ ነው። እና የምትሄዱ ልጆች አደራ! የአካባቢውን ሰው ቅጠሩ፣ ዋጋ ስትከራከሩ አስቡበት፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ከሁሉም በላይ ጠይቁ። ያ ጎበጥ ያለው ድንጋይ ስሙ ማን ነው? ይሄ ቀጭን መንገድ ወዴት ይወስዳል? ጋይዱ ይነግራችኋል፤ ካልነገራችሁም በቅሎ ነጂው ያውቃል።

ለቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ደባርቅ፣ ዳባትና ጃናሞራ ላላችሁት፣ የቤት ሥራ አለኝ (አትሳቁ!)። አያቶቻችሁ ገበያ የሚወጡት በየት በኩል ነበር? ለንግሥ ሲሄዱ የት ያርፉ ነበር? የትኛው ምንጭ ላይ ውሃ ይጠጡ ነበር? ግጭ የነበሩት ሰዎች ቀያቸውን፣ ማሳቸውን፣ መቃብራቸውን በምን ስም ይጠሩት ነበር? ጠይቃችሁ ጻፉት፤ በስልካችሁ ቅዱት። መኪና ሊማሊሞን ሲወጣ የሲራራው መንገድ ስም ጠፍቷል፣ የሚነግረንም የለም። የግጭን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ግን ዛሬም ደባርቅ ውስጥ በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ የናንተ ጎረቤቶች ናቸው።

የሰበሰባችሁትን አስተያየት መስጫው ላይ አስቀምጡልኝ፤ አንድ ላይ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ማርክ ግን የለውም።