የነሐሴ ግምት፦ የእንግሊዝ ሊግን የደረጃ ሰንጠረዥ አስቀድሞ የመተንበይ ልማድ ከላንክሻየር እስከ ዋግ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በየዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ሃያዎቹን ክለቦች ከአንደኛ እስከ ሃያኛ ደርድሮ የግንቦትን ውጤት በነሐሴ መናገር፣ ከለንደን ጋዜጣ ቤቶች ተነሥቶ የኢትዮጵያን የዞን ከተሞች ጭምር ያዳረሰ ልማድ ነው። ይህ ልማድ የአንድን ጨዋታ ውጤት ከመገመት በዓይነቱ ይለያል፤ አንድን ጨዋታ የገመተ ሰው ዘጠና ደቂቃ ታግሦ ልክ መሆኑን ወይም መሳሳቱን ሲያውቅ፣ ሙሉውን ሰንጠረዥ የተነበየ ግን እያንዳንዱ ክለብ 38 ጨዋታ፣ ሊጉም በጠቅላላው 380 ጨዋታ አድርጎ እስኪጨርስ ድረስ ዘጠኝ ወር ያህል በቃሉ ታስሮ ይቆያል። ልማዱ በተወለደበት አገር ከጽሑፍ ጋር ሲያድግ፣ በኢትዮጵያ ግን በአብዛኛው የቃል ክርክር ሆኖ ቆይቷል፤ ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ ልማዱ ዛሬ ለደረሰበት ሁኔታ ዋናው ምክንያት እርሱ ነው። የእንግሊዝ የውድድር ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚጠሩ ከዚህ በታችም በዚያው ቀርበዋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡት ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ይዘዋል።

የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሊግ በ1888 ሲመሠረት፣ የአስቶን ቪላው ዊልያም ማክግሬጎር ባቀረበው ሐሳብ የተሰባሰቡት ክለቦች 12 ነበሩ፤ ግማሾቹ ከላንክሻየር፣ ግማሾቹ ከመካከለኛው እንግሊዝ የመጡ ነበሩ። በዚያ ዓመት የመጨረሻውን ደረጃ አስቀድሞ መተንበይ ከባድ ብቻ ሳይሆን ትርጉም የለሽም ነበር፤ ምክንያቱም ለድል ሁለት ነጥብ፣ ለአቻ አንድ ነጥብ ይሰጥ የሚለው ደንብ የተወሰነው ውድድሩ ከተጀመረ ከወራት በኋላ በኅዳር ወር ነው። ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ 22 ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ፣ 18 አሸንፎና በ4 አቻ ወጥቶ በ40 ነጥብ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ለቀጣዩ ዓመት ገማቾች የመጀመሪያውን መሣሪያ አስረከባቸው፤ እርሱም ያለፈው ዓመት ሰንጠረዥ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ማንኛውም ትንበያ፣ በባለሙያ ይሠራም በተራ ተመልካች፣ መነሻው ይኸው ነው፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት ማምጣት ያልቻለ ገማች ደግሞ የጨመረው እውቀት የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ግምቱ በሁለት መንገድ ተጓዘ። አንደኛው የጋዜጣው መንገድ ሲሆን፣ የስፖርት ጸሐፊዎች በውድድሩ ዋዜማ የክለቦቹን አቋም፣ የተገዙና የተሸጡ ተጫዋቾችን፣ የአሠልጣኞችን ለውጥ መርምረው በስማቸው የሚፈርሙበት ነው። ሁለተኛው የገንዘብ መንገድ ነው። በ1923 ሊትልውድስ የተባለው ድርጅት በሊቨርፑል ተቋቁሞ «ፑልስ» የሚባለውን አሠራር አስፋፋ፤ ይህም ተሳታፊዎች በትንሽ ገንዘብ የሳምንቱን ጨዋታዎች ውጤት በቅጽ ላይ ሞልተው የሚልኩበት፣ ከተሰበሰበው ገንዘብም በትክክል የገመቱት የሚካፈሉበት ነበር። የቁማር ሱቆች በብሪታንያ ጎዳናዎች ላይ በሕግ የተፈቀዱት ደግሞ ከ1961 ጀምሮ ነው። በኋላም ሦስተኛ መንገድ፣ የሒሳብ ሊቃውንት መንገድ ተጨመረ፤ ማይክል ማህር በ1982፣ ማርክ ዲክሰንና ስቱዋርት ኮልስ በ1997 ባሳተሟቸው ጥናቶች የክለቦችን የማጥቃትና የመከላከል አቅም በቁጥር ለክተው የጨዋታ ውጤቶችን ዕድል ማስላት እንደሚቻል አሳዩ።

ሦስቱም መንገዶች የሚጋፈጡት ችግር ግን አንድ ነው። ሃያ ክለቦች ሊደረደሩባቸው የሚችሉ ቅደም ተከተሎች ብዛት 2,432,902,008,176,640,000 ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱን በትክክል መምታት ከሰው የሚጠበቅ ስላልሆነ፣ ጥሩ ግምት የሚለካው በስሕተቱ መጠን ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ክለብ የተሰጠው ደረጃና በመጨረሻ የያዘው ደረጃ ያላቸውን ልዩነት በመደመር ይሰላል። ብዙው ተመልካች ሙግቱን የሚያካሂደው ዋንጫውን ማን ይወስዳል በሚለው ላይ ቢሆንም፣ የገማቹ እውቀት በእውነት የሚፈተነው ከስምንተኛ እስከ ዐሥራ አምስተኛ ባለው የሰንጠረዡ መካከልና ሦስት ክለቦች ወደ ታችኛው ሊግ በሚወርዱበት በወራጅ ቀጠናው ነው። ከታች ያደጉት ሦስት ክለቦች ሁሉ ተመልሰው ይወርዳሉ ብሎ በ2023/24 እና በ2024/25 የገመተ ሰው በሁለቱም ጊዜ ልክ ነበር፤ በ2022/23 እንዲሁ የገመተ ግን ሦስቱንም ስቷል፤ ፉልሃም፣ በርንማዝና ኖቲንግሃም ፎረስት ሦስቱም በሊጉ ቆይተዋልና።

በባለሙያ ስሕተት ታሪክ ውስጥ 1995 እና 2015 ልዩ ቦታ አላቸው። በነሐሴ 1995 ማንቸስተር ዩናይትድ በመክፈቻው ጨዋታ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሲሸነፍ፣ የቀድሞው የሊቨርፑል ተከላካይ አለን ሃንሰን በወጣቶች ዋንጫ እንደማይገኝ በቴሌቪዥን ተናገረ፤ እነዚያው ወጣቶች ግን በዚያው ዓመት ሊጉንና የኤፍ.ኤ. ዋንጫን አጣምረው ወሰዱ። የ2015ቱ ስሕተት ከዚህ እጅግ የጎላ ነው። ሌስተር ሲቲ ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ ለሚወራረድ የእንግሊዝ አቋማሪዎች 5,000 ለ 1 ሰጡ፤ ዐሥር ብር ለሚያህል ገንዘብ ሃምሳ ሺህ ብር እንደመስጠት ማለት ነው። ሌስተር በቀደመው ዓመት በ41 ነጥብ 14ኛ ሆኖ ስለጨረሰ ግምቱ ምክንያት አልጎደለውም፤ ነገር ግን ያ ክለብ ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸንፎ ከወራጅ ቀጠናው የወጣ መሆኑን የመጨረሻው ሰንጠረዥ አያሳይም ነበር። ደረጃውን ብቻ ያየ ደካማ ክለብ አየ፤ አካሄዱን የመረመረ ግን ቢያንስ ሊጠራጠር ይገባው ነበር። በዚያው ዓመት ሻምፒዮንነቱን ይዞ የገባው ቼልሲ 10ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ልማዱ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከጨዋታው ምስል ቀድሞ በድምፅና በኅትመት ነበር። እንደ ሰሎሞን ተሰማና ደምሴ ዳምጤ ያሉ የስፖርት ጋዜጠኞች በሬዲዮ ጨዋታን በቃላት የማሳየት ጥበብ ለትውልድ አስተማሩ፤ በኋላም እንደ «ሊብሮ» እና «ሐትሪክ» ያሉ የስፖርት ጋዜጦች የአውሮፓን ሊጎች ዜና በአማርኛ አቀረቡ። ፕሪሚየር ሊጉ በነሐሴ 9 ቀን 1984 ዓ.ም. በ22 ክለቦች ሲጀመር የኢትዮጵያ ተመልካች ብዙውን ነገር የሚሰማ እንጂ የሚያይ አልነበረም። ይህን የለወጠው በሳተላይት የሚሠራጨው የዲ.ኤስ.ቲቪ አገልግሎት ነው። አንድ ቤት ክፍያውን ከፍሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ የሳምንቱን መርሐ ግብር በደጁ ላይ በጠመኔ ጽፎ፣ በትንሽ ዋጋ ብዙ ሰው የሚያሳይበት «ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት» ከአዲስ አበባ ወደ ክልልና ወደ ዞን ከተሞች ሲዛመት፣ የነሐሴ ግምትም አብሮት ተዛመተ። በዚህ ጊዜ ነው አርሰናል በ2003/04 26 ጨዋታ አሸንፎና በ12 አቻ ወጥቶ ሳይሸነፍ የጨረሰው፤ የብዙ ኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች ፍቅርና ከዚያ በኋላ በየነሐሴው የሚታደስ ተስፋቸው ከዚያ ዘመን ጋር የተቆራኘ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ በሚገኘው የዋግ ኽምራ ዞን ደጋና ቆላ የነሐሴ ግምት የሚመጣው በተለየ ወቅት ላይ ነው። የእንግሊዝ ሊግ የሚከፈትባቸው ሳምንታት የፍልሰታ ጾም የሚጾምባቸው ናቸው፤ ጾሙ ሲፈታ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በዞኑ ዋና ከተማ በሰቆጣና በአካባቢዋ የልጃገረዶች የሻደይ በዓል ይከበራል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ወጣቱ በየቤቱና በየከተማው ይገኛል፤ ገበሬውም የክረምቱን ዝናብ አያያዝ እያየ የመኸሩን ነገር በልቡ ያሰላል። መጪውን ዘመን አስቀድሞ የማየት ፍላጎት ለዚህ አገር ከኳስ ጋር የመጣ አይደለም። የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚቀምረው ባሕረ ሐሳብ፣ ዓመቱን ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ስም ይሰይማል፤ ገበሬውም ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ ወይም ዘመነ ዮሐንስ መሆኑን ሰምቶ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ የራሱን ግምት ሲሰጥ ኖሯል። የኳሱ ግምት የዚህ ተወላጅ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በዘመን መለወጫ ዋዜማ ተሰብስቦ ስለሚመጣው ዓመት መከራከር ለሚያውቅ ማኅበረሰብ እንግዳ አልሆነበትም።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት የዝናቡና የኳሱ ግምቶች ባንድ ላይ ከሸፉ። በሐምሌ ወር መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2030) ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በይፋ ተነገረ፤ ወዲያው በኤል ኒኞ የተነሣ የክረምቱ ዝናብ ጠፍቶ ዋግ ኽምራ በድርቁ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሆነ። ነሐሴ 2 የተጀመረው የእንግሊዝ ውድድርም ማንም ያልጠበቀውን አመጣ፤ ሌስተር ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው ተከታዩ ቶተንሃም ከቼልሲ 2 ለ 2 በተለያየበት በሚያዝያ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰኞ ማታ፣ በፋሲካ ማግስት ነበር። የእህል እጥረትንና የኳስ ውጤትን ማመሳሰል ተገቢ አይደለም፤ አንዱ የሕይወት፣ ሌላው የመዝናኛ ጉዳይ ነው። የሚያገናኛቸው የትንበያ ሥራ ነው፤ በሁለቱም ያለፈው ዓመት ልምድ ብቻውን እንደማይበቃ ታይቷል።

ከዚያ የባሰው በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጣ። የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ ሲዛመት መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው ቆላማ ምድር ላይ ያለችው የአበርገሌ ወረዳ ማዕከል ኒሯቅና አካባቢዋ ብዙ ነዋሪዎቻቸውን አጡ፤ ከዚያ የተፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣና በሌሎች ቦታዎች እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነትና ከዚያም በኋላ በመጠለያ ኖረ። ነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ ያደገው ብሬንትፎርድ አርሰናልን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ አርሰናልም የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎቹን ተሸንፎ ከግርጌ ተነሥቶ 5ኛ ሲጨርስ፣ ማንቸስተር ሲቲ ሊቨርፑልን በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ በ93 ነጥብ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ ይህን ሁሉ በወቅቱ ለመከታተል ለዚያ አካባቢ ወጣት መብራትም፣ ቤትም፣ ሰላምም አልነበረውም። የአንድ ልማድ ታሪክ የተቋረጠበትንም ጊዜ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ስለ ኳስ መከራከር መቻል ራሱ የሰላም ፍሬ ነውና።

በእነዚሁ ዓመታት በአገሪቱ ከተሞች ሌላ ለውጥ ሥር ሰደደ፤ እርሱም ከብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ አውጥተው ሥራ የጀመሩት የስፖርት ውርርድ ቤቶች፣ በሕዝቡ አጠራር «ቤቲንግ ቤቶች» ናቸው። ተወራራጁ በአንድ ትኬት ላይ ብዙ ጨዋታዎችን ይመርጣል፤ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ማባዣ፣ «ኦድ» የሚባለው፣ እርስ በርሱ ስለሚባዛ የተስፋው ገንዘብ ትልቅ ይመስላል፤ ከጨዋታዎቹ አንዱ ከሳተ ግን ትኬቱ «ተቃጠለ» ይባላል። ከመቶ ስድሳ ዕድል ያላቸው ዐሥር ግምቶች ሁሉም ባንድ ላይ ልክ የመሆን ዕድላቸው ከሺህ ስድስት ብቻ ነው። የገንዘቡ ጉዳት ብዙ የተባለለት ነው፤ ያልተስተዋለው ጉዳት ግን በግምቱ ዓይነት ላይ የደረሰው ነው። የውርርድ ትኬት የገማቹን ሐሳብ ከዘጠኝ ወር ወደ አንድ ቅዳሜ አሳጠረው፤ ስለ ክለቡ አካሄድ፣ ስለ አሠልጣኙ ትዕግሥት፣ ስለ ተጠባባቂዎች ብቃት የነበረው ሙግት ስለ አንድ ምሽት ጎል ወደ መጨነቅ ዞረ። በጽሑፍ የሚቀረው ግምት ትኬቱ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ሲቃጠል ይጣላል።

የአገር ውስጡ ሊግ ተመሳሳይ ቅድመ ግምት የማይደረግለት ለምን እንደሆነም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታችኛው ሊግ ባደገበት የመጀመሪያ ዓመቱ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲወስድ፣ ነገሩ ከሌስተር ታሪክ የማያንስ ቢሆንም፣ ማን ምን ተንብዮ እንደነበር የሚያሳይ የታወቀ መዝገብ ስለሌለ የድንቁ መጠን ሊለካ አልቻለም። ድንቅነት የሚታወቀው አስቀድሞ ከተጻፈ ግምት ጋር ሲነጻጸር ነው። አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች በነሐሴ የጻፉትን በግንቦት መልሰው አውጥተው የት እንደሳቱ ለአንባቢ ያሳያሉ፤ በአማርኛ ሬዲዮና ጋዜጣ ግን የነሐሴ ንግግር በነሐሴ ይቀራል፤ ግንቦት ሲደርስ ሁሉም «ብዬ ነበር» ይላል።

ስለዚህ የስፖርት ዝግጅት ክፍሎች፣ በሰቆጣም ሆነ በአዲስ አበባ የሚገኙ የደጋፊዎች ማኅበራት፣ በየነሐሴው የሃያዎቹን ክለቦች ግምት ከነገማቹ ስምና ከነምክንያቱ ጽፈው ያስቀምጡ፤ በየግንቦቱም ስሕተቱን በደረጃ ልዩነት ደምረው በአደባባይ ያቅርቡ። ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም እንዲሁ ይደረግ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ዘጠኝ ወር የሚጠብቅ ሰው ነው።