የኦምዱርማን «ገ» እና የለንደን «አር»

አማርኛችን «ቀልብ» የሚለውን ቃል የወሰደው ከዓረብኛ ሲሆን፣ ትርጉሙም በዚያ ቋንቋ ልብ ማለት ነው። የኦምዱርማን ሰው ይህንኑ ቃል «ገልብ» ይለዋል። የካይሮ ሰው ደግሞ «ቀ»ን ጨርሶ ውጦ «አልብ» ይላል። በካይሮ «ገልብ» ያለ ሰው ባላገር ወይም የላይኛው ግብፅ ተወላጅ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። በኦምዱርማን ግን ሚኒስትሩም፣ በመንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴትም በዕለት ንግግራቸው «ገ» ይላሉ። ታዲያ አንዱን ድምፅ እዚያ ያዋረደው፣ እዚህ ያስከበረው ምንድን ነው? ምክንያቱ ከድምፁ ሳይሆን ከታሪክ የሚፈለግ ነው።

ኦምዱርማን ዋና ከተማ የሆነችው ካርቱም እ.ኤ.አ. በጥር 1885 በማህዲስቶች እጅ ከወደቀች በኋላ ነው። ማህዲው በዚያው ዓመት ሲሞት የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂ፣ እኛ በመተማ ጦርነት የምናውቀው፣ የዳርፉር ሰው ነበር። የተዓይሻ ወገኖቹን ከምዕራብ አምጥቶ በከተማይቱ አሰፈረ፤ በዓባይ ዳር ነጋዴዎችና ጸሐፊዎችም ላይ የበላይ አደረጋቸው። ይህ ሁሉ በ1898 በከረሪ ጦርነት ፈረሰ። እንግሊዞች በ1902 ጎርደን ኮሌጅን ሲከፍቱ ከዚያ ወጥተው መሥሪያ ቤቱን የሞሉት በአብዛኛው የዓባይ ዳር ቤተ ሰቦች ልጆች ናቸው። ምሩቃኑም በ1918 ክበባቸውን በኦምዱርማን አቋቋሙ። በ1940 የሬድዮ ጣቢያ እዚያው ሲከፈት «ሁና ኦምዱርማን» የሚለው ጥሪ የከተማይቱን አነጋገር ከዳር እስከ ዳር አደረሰው። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ የገዥ ምላስ የነበረው የምዕራቡ አነጋገር ግን ወደ ጎን ተገፋ።

የእንግሊዝኛ መምህራን ይህን ነገር በ«አር» ፊደል ሊያዩት ይችላሉ። በ1791 ጆን ዎከር መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ የለንደን ሰው «ካርድ» በመሰለ ቃል ውስጥ «አር»ን እያላላ መሄዱን ጽፏል። ውሎ አድሮ ይህ መዋጥ የጨዋ ሰው ምልክት ሆነ። ዳንኤል ጆንስም በ1917 ባሳተመው የአነባብ መዝገበ ቃላት ላይ መለኪያ ያደረገው በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉትን የባለጸጎች ልጆች አነጋገር ነው። በኒው ዮርክ ነገሩ ተገለበጠ። ዊልያም ላቦቭ በ1962 በሦስት ትላልቅ መደብሮች እየዞረ፣ ሻጮቹን «አራተኛ ፎቅ» የሚያሰኝ ጥያቄ ጠየቃቸው። «አር»ን አጥርተው የሚናገሩት ይበልጥ የተገኙት በውዱ መደብር ነው፤ የሚውጡት ደግሞ በርካሹ። ለንደን ያከበረችውን ኒው ዮርክ ናቀችው ማለት ነው።

በእኛም ክፍል የወሎ ወይም የጎጃም ለዛ ያለው ልጅ ሲያነብ የሚሳቅበት ጊዜ አለ። መምህሩ አብሮ የሳቀ እንደ ሆነ ልጁ ሁለተኛ እጁን አያነሣም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት እጅግ ብዙ የካርቱምና የኦምዱርማን ሰዎች ወደ ካይሮ ተሰደዋል። በአገሩ ሬድዮ ላይ ሲከበር የሰማውን «ገ» ይዞ በካይሮ ክፍል የተቀመጠ ልጅ፣ አፉን ሲከፍት ባላገር ሊባል ይችላል።