በቪዲዮ ስለ ማስተማር፤ ቴፑን የማቆም ሥልጣን የማን ነው?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማስተማር የት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተስፋፋ መዘርዘር አይደለም። ልመረምረው የፈለግሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቪዲዮው በሚታይበት ጊዜ «ቆይ፣ ይህ አልገባኝም» ብሎ የማስቆም ሥልጣን በማን እጅ ነበር? የሚለው ነው።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የምሕንድስና ትምህርቱን በቴሌቪዥን ሞገድ በአቅራቢያው ላሉ ኩባንያዎች ሠራተኞች ማስተላለፍ ጀመረ። በሳንታ ሮዛ የነበሩት የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲሶች ግን ሞገዱ ከማይደርስበት ስፍራ ስለ ነበሩ፣ ፕሮፌሰር ጄምስ ጊበንስ ትምህርቱ በቴፕ ተቀርጾ እንዲላክላቸው አደረጉ። ቴፑን ብቻውን አልላኩትም። መሐንዲሶቹ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቢበዛ ዐሥር ያህል እየሆኑ በአንድነት ያዩት ነበር፤ ከእነርሱም ጋር አንድ አስተባባሪ ይቀመጣል። አንዱ ጥያቄ ሲኖረው ቴፑ ይቆማል፤ ይነጋገሩበታል፤ ሲግባቡ ይቀጥላል። ጊበንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1977 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንደ ገለጹት፣ እነዚህ ሰዎች ፕሮፌሰሩን ፊት ለፊት ከሚሰሙት የግቢው ተማሪዎች የበለጠ ውጤት አመጡ። ይበልጥ የገረመኝ ግን አስተባባሪው የትምህርቱ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም መባሉ ነው። ሊቅ የሆነ ሰው በተራ ጥያቄ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ይችላልና፣ ነገሩ ተገቢ ይመስለኛል።

በአገራችን የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በመንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተሰናድቶ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በሳተላይት ይመጣ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል የሚይዘው ማያው ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚቀረው ለመክፈቻና ለመዝጊያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ ፕላዝማን በክፍል አላየሁትም፤ ስለዚህ ያዩትን መጠየቅ ነበረብኝ። በዚያ ዘመን ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩና ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ አንድ መምህር እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ፤ «ቤተ ሙከራ ላልነበረን ሰዎች፣ ሙከራውን በዓይን ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ሴትዮዋ ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰኮንድ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ‹ጎበዞች› ብላ ታልፋለች። እኔ ደግሞ ልጆቹን አያለሁ፤ አንድም የመለሰ የለም። ምን ላድርግ? ሳተላይት በእጅ አይያዝ!»

የዘመኑ ኢንተርኔት ይህን ሥልጣን ለተማሪው መለሰለት። ሳልማን ካን ለዘመዶቹ ያዘጋጃቸውን ትምህርቶች እ.ኤ.አ. በ2006 በዩቲዩብ ላይ ሲያወጣ፣ ልጆቹ ከእርሱ ከራሱ ይልቅ ቪዲዮውን እንደሚመርጡ ነገሩት። ቪዲዮውን ሳያፍሩ ማቆምና መድገም ይቻላልና። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በኤዴክስ የኢንተርኔት ትምህርቶች ላይ 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪው በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይበት አገኙ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት የስቱዲዮ ሥራም፣ መምህሩ በጠረጴዛው ተቀምጦ ቀለል አድርጎ ከሚናገርበት ቪዲዮ ይልቅ የተማሪውን ልብ አልያዘም።

ይሁን እንጂ የሳንታ ሮዛው ቴፕ በቆመ ጊዜ የሚነጋገሩት ሰዎች ነበሩ፤ በስልኩ ላይ ብቻውን ያጎነበሰ ተማሪ ግን ቪዲዮውን ካቆመ በኋላ ማንን ይጠይቅ? ብዙ ጊዜ አቁሞ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፤ ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው ያስጠናሉ። የኢንተርኔት ዋጋ እንዳይበዛባቸው ትምህርቱን አንድ ጊዜ በስልካቸው ላይ ያወርዱታል። ልጆቹ ሲያዩ ስልኩን የሚይዙት እርሳቸው ናቸው፤ በሄድኩበት ቀን የ5 ደቂቃውን ቪዲዮ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው።