የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ርካሽነት በመግዣ ዋጋው ብቻ አይለካም

አምቦ፦ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው አምቦ፣ እንዲሁም በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በመሳሰሉት ከተሞች የቪዲዮ ጨዋታ በአብዛኛው የሚዘወተረው «ጌም ቤት» ወይም «ፕሌይስቴሽን ቤት» በሚባሉ አነስተኛ የንግድ ቤቶች ነው። ተጫዋቹ መሣሪያውን ሳይገዛ በጨዋታ ወይም በሰዓት ሒሳብ እየከፈለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወታል። ጌም ቤት ለመክፈት ለሚያቅድ ወጣትም ሆነ ለልጁ መሣሪያ ለመግዛት ለሚያስብ ደመወዝተኛ መሠረታዊው ጥያቄ ርካሽ የተባለው መሣሪያ በእርግጥ ርካሽ ነው ወይ የሚለው ነው።

የፉክክሩ አመጣጥ

የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በአገሩ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ በ1994 ነው። በቀጣዩ ዓመት ተፎካካሪው ሴጋ «ሳተርን» የተባለውን መሣሪያ ለአሜሪካ ገበያ በ399 ዶላር ሲያቀርብ፣ ሶኒ የራሱን በ299 ዶላር አቀረበ። ሴጋ እ.ኤ.አ በ2001 መሣሪያ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። እ.ኤ.አ በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

የአሜሪካው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ በ2001 «ኤክስቦክስ» በተሰኘው ምርቱ ውድድሩን ተቀላቀለ። እ.ኤ.አ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3 በ499 እና በ599 ዶላር ሲቀርብ፣ የኒንቴንዶ «ዊ» በ250 ዶላር ገደማ ቀርቦ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሽያጭ አስመዝግቧል።

ቅናሹ ከየት ይመጣል?

አምራቾቹ መሣሪያውን ከማምረቻ ወጪው በታች ወይም በጥቂት ትርፍ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ገቢያቸውን የሚያካክሱት ከጨዋታዎች ሽያጭ፣ የጨዋታ አዘጋጆች ከሚከፍሏቸው የፈቃድ ክፍያና ከወርሃዊ የደንበኝነት ክፍያ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በርካሽ የገዛው ማተሚያ በቀለም ወጪ እንደሚወደድበት ሁሉ፣ የጨዋታ መሣሪያ ገዢም ቀሪውን ዋጋ ቀስ በቀስ ይከፍላል።

ፉክክሩ ጨዋታዎቹን ወደ መቆጣጠርም ተሸጋግሯል። ማይክሮሶፍት «አክቲቪዥን ብሊዛርድ» የተባለውን የጨዋታ አዘጋጅ ለመግዛት እ.ኤ.አ በ2022 የ68 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ያደረገ ሲሆን፣ የአሜሪካና የብሪታንያ የውድድር ተቆጣጣሪዎች ተቃውሞ ቢያቀርቡም ግዥው እ.ኤ.አ በ2023 ተጠናቋል።

ዲስክ የማይቀበሉ መሣሪያዎች

እ.ኤ.አ በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ዲስክ የሚቀበለው 499፣ የማይቀበለው ደግሞ 399 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ዲስክ የማይቀበለው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በ299 ዶላር ቀርቧል።

ይሁንና ዲስክ የማይቀበለው መሣሪያ ባለቤት ጨዋታ የሚያገኘው በኢንተርኔት አማካይነት ብቻ ነው። ያገለገለ ዲስክ መግዛት፣ መዋዋስም ሆነ መልሶ መሸጥ አይችልም። እ.ኤ.አ ከ2023 ወዲህ ለወጣው የፕሌይስቴሽን 5 ዓይነት የዲስክ ማጫወቻ ለብቻው ተገዝቶ ሊገጠም ቢችልም ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል። አንድ ጨዋታ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ሊፈጅ ስለሚችልና ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚፈጸም፣ ለአምቦ ወይም ለጊንጪ ጌም ቤት የ100 ዶላሩ ቅናሽ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኪሳራ ሊለወጥ ይችላል።

የምንዛሪ ለውጥና የሸማቹ መብት

መሣሪያዎቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ ላይ የተመሠረተ የምንዛሪ ሥርዓት ተግባራዊ ማድረጓን ተከትሎ የዶላር የብር ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። ሶኒም በአሜሪካ የፕሌይስቴሽን 5ን ዋጋ እ.ኤ.አ በ2025 በ50 ዶላር ከፍ አድርጓል። በመሆኑም መሣሪያ በቆየ ቁጥር ይረክሳል የሚለው የቀድሞ ልምድ ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዳለውም ተመልክቷል።

ስለሆነም ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ መሣሪያው ዲስክ የሚቀበል መሆኑን፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን፣ ስንት መቆጣጠሪያ እንዳለውና ጨዋታዎቹ በስንት ብር እንደሚገኙ አጣርቶ፣ የጠቅላላ ወጪውን ድምር ማስላትና ደረሰኙን መያዝ ይኖርበታል።