በኮምፕሬሰር ብሌድ ላይ የሚለጠፍ ብናኝና በአየር ጠባይ የሚሸፈነው የኃይል ጉድለት

የጋዝ ተርባይን ከሚያመነጨው ኃይል ከግማሽ በላዩን መልሶ የሚበላው የራሱ ኮምፕሬሰር ነው። ተርባይኑ 100 ሜጋዋት ቢያወጣና 60ው አየር ለመጭመቅ ቢውል፣ ለጄኔሬተሩ የሚተርፈው 40 ነው እንበል። ኮምፕሬሰሩ ያንኑ አየር ለመጭመቅ አንድ በመቶ ተጨማሪ ኃይል ቢጠይቅ 0.6 ሜጋዋት ይጎድላል፤ ይህም ለሽያጭ ከሚቀርበው ኃይል 1.5 በመቶ ነው። ብሌዶቹ በብናኝ ሲቆሽሹ ደግሞ ማሽኑ የሚስበው አየር ራሱ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል። ኢሆር ዲያኩንቻክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ጋዝ ተርባይን በሥራ ላይ ሳለ ከሚያጣው አቅም ከ70 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው በኮምፕሬሰር መቆሸሽ የሚመጣ ነው ብለዋል።

በሰከንድ 100 ኪሎ ግራም አየር የሚስብ ማሽን በዓመት 8,000 ሰዓት ቢሠራ 2.4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አየር ያልፍበታል። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 50 ማይክሮ ግራም ብናኝ ቢኖር፣ ማጣሪያው ደጃፍ የሚደርሰው 120 ኪሎ ግራም ነው። ማጣሪያው አብዛኛውን ያስቀራል። የሚያመልጠው ደቃቁ ነው፤ የሚለጠፈውም እሱው ነው። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው ቅንጣት ባመዛኙ ብረቱን እየፋቀ ይጎዳል፤ ከዚያ የሚያንሰው ግን ብሌዱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ለመጣበቅ ግን ማጣበቂያ ይሻል። አየሩ ወደ ኮምፕሬሰሩ አፍ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ሙቀቱ በድንገት ይወርዳል፤ እርጥበት ካለውም ጤዛ ይሠራል። የፊተኛው ኩሽኔታ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ ዘይት የነካው ብሌድ የመጣውን ብናኝ ሁሉ ይይዛል። በባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫዎች ደግሞ ዋናው ጠላት ጨው ነው። ኤሊሳቤት ሲቨሩድና ባልደረቦቻቸው ኖርዌይ ውስጥ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ሙከራ፣ ስምንት እርከን ኮምፕሬሰር ባለው የጄ85 ጄት ሞተር ውስጥ የጨው ውኃ ረጭተው ጨው የት የት እንደሚቀመጥ መርምረዋል። የተገኘው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ አራት እርከኖች ብሌዶች የፊት ጠርዝ ላይ፣ እንዲሁም በማይሽከረከሩት ብሌዶች ሥር፣ ግፊት በሚበረታበት ገጽ ላይ ነበር። ቦታው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ማሽኑ ምን ያህል አየር እንደሚስብ የሚወስኑት የፊተኞቹ እርከኖች ናቸው። የሻከረው ገጽ ብረቱን ተጠግቶ የሚያዘግመውን ስስ የአየር ሽፋን ያወፍረዋል፤ መተላለፊያው ይጠብባል። አየሩም ለኋለኞቹ እርከኖች ካልተነደፉበት ማዕዘን ስለሚደርሳቸው፣ ንጹሕ የሆኑት እርከኖች ጭምር ብቃታቸው ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰሩ ፍሰቱ ተዛብቶ ወደ ኋላ ከሚመታበት አደገኛ ሁኔታም የሚለየው ርቀት ያጥራል።

ይህ ሁሉ ጉዳት በዓይን ሳይገባ የሚቆየው በአየር ጠባይ ምክንያት ነው። የውጭው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ማሽኑ ከኃይሉ ከ0.5 እስከ 0.9 በመቶ ያጣል። በቀንና በሌሊት መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ ኃይሉ ያለ ምንም ቆሻሻ ቢያንስ በ5 በመቶ ይዋዥቃል። በዚህ መዋዠቅ ውስጥ የሁለት በመቶ ጉድለትን የሜጋዋት ቆጣሪን ብቻ እያየ የሚለይ ኦፕሬተር የለም። ስለዚህ ንባቡ ሁሉ ወደ አንድ መነሻ ሙቀትና የአየር ግፊት ተመልሶ መሰላት አለበት። እኔ ከሁሉ የማምነው መለኪያ በኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ የሚታየው የግፊት መውረድ ነው፤ የሚሳበው የአየር መጠን ሲቀንስ በቀጥታ ያሳያልና። ይህ ቁጥር እያለ ማሽንን በቀን መቁጠሪያ ብቻ ማጠብ ተገቢ አይመስለኝም፤ ንጹሑ ያለ አግባብ ይቆማል፣ የቆሸሸው ነዳጅ ሲያባክን ይከርማል።

ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ የሚደረገው እጥበት ወሰን አለው። ውኃው ወደ ኋላ በሄደ መጠን አየሩ እየጋለ ስለሚያተነው፣ ከፊት የተነሣው ቆሻሻ ኋላ ላይ ደርቆ ሊለጠፍ ይችላል። ሲቨሩድና ባልደረባቸው በዚያው ሞተር ላይ ባደረጉት የእጥበት ሙከራም ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው የውኃው መጠን ከአየሩ አንጻር መብዛቱ ነው፤ በቁጠባ የሚረጭ ውኃ ብዙም አይረዳም። ማጣሪያውን ማጥበቅ የተሻለ መንገድ ነው፤ እርግጥ በማጣሪያው ላይ የሚጠፋው የአየር ግፊት የራሱን ኃይል ያስከፍላል። ሆኖም ይህ ኪሳራ በመለኪያ የሚታይ ስለሆነ ማጣሪያውን መቼ መቀየር እንደሚሻል አስልቶ መወሰን ይቻላል።

የተሟላው እጥበት ማሽኑ ቆሞና ቀዝቅዞ የሚሠራው ነው። ሮተሩ በጄኔሬተሩ ወይም በማስነሻ ሞተሩ ኃይል በዝግታ እየዞረ ማጽጃው ይረጫል፤ ከዚያ ቆሞ ይነከራል፣ ማዕድኑ በወጣለት ውኃም ይለቀለቃል። ማለቅለቁ የሚበቃው የተመደበለት ሰዓት ስለሞላ ሳይሆን፣ ከታች የሚፈስሰው ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ከገባው ውኃ ጋር ሲቀራረብ ነው።