ዕዳ ቤት ሲቀይር

አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የክሬዲት ካርድ ዕዳውን ወደ ሌላ ባንክ ካርድ ሊያዛውር ማመልከቻ ሞልቶ፣ «ወለዱ ዜሮ ነው» አለኝ። የሕግ ሰው ነኝና «ውሉን አንብብልኝ» አልኩት።

ዜሮው ጊዜያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአገሪቱ ሕግ እንዲህ ያለው ቅናሽ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ክፍያ ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ግን ባንኩ ሊያነሳው ይችላል። የማዛወሪያ ክፍያም አለ፤ 3 በመቶ ቢሆን ለ5,000 ዶላር 150 ዶላር ነው። የሚፈቀደው ጣሪያ ከዕዳው ሊያንስ ስለሚችል፣ ዝውውሩ እስኪረጋገጥ የቀድሞው ካርድ ክፍያ መቋረጥ የለበትም።

ጊዜው 12 ወር ቢሆን በየወሩ 430 ዶላር ገደማ መክፈል ይጠበቅበታል። ይህን ካልቻለ ዕዳውን ቤት አስቀየረው እንጂ አልተገላገለውም።