የቻይና ባህላዊ መድኃኒትና ኬሞቴራፒ፦ የሳንባ ካንሰር ታማሚ ሊያውቀው የሚገባ

በቻይና የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ኬሞቴራፒ እየወሰዱ የዕፅዋት መድኃኒትም አብረው መውሰዳቸው የተለመደ ነው። በብዙ ሆስፒታሎች ሁለቱም በሐኪም ይታዘዛሉ። የዕፅዋቱ ዋና ዓላማ ኬሞቴራፒውን መተካት ሳይሆን ድካምን፣ ማቅለሽለሽንና የነጭ የደም ሴሎችን ማነስ መቀነስ ነው።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

በስፋት ከሚታዘዙት አንዱ አስትራጋለስ ሲሆን ቻይናውያን "ሁዋንግ ቺ" ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ግምገማ 2,815 ታማሚዎች የተሳተፉባቸውን 34 ጥናቶች መርምሯል። አስትራጋለስ ያለባቸው ድብልቆች ከፕላቲነም ኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጡ ውጤቱን ሊያሻሽሉ እንደሚችሉ ጠቁሟል። ሆኖም ብዙዎቹ ጥናቶች ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለነበር፣ አጥኚዎቹ ራሳቸው ጥብቅ በሆኑ ሙከራዎች መረጋገጥ እንዳለበት አሳስበዋል።

ከኬሞቴራፒ መድኃኒቶችም ምንጫቸው ዕፅዋት የሆኑ አሉ። ለሳንባ ካንሰር የሚሰጠው ቶፖቴካን የተሠራው በቻይና ከሚበቅል ካምፕቶቴካ ከተባለ ዛፍ በተገኘ ንጥረ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ዕፅ ነው ወይስ ኬሚካል?" አይደለም። ይዘቱና መጠኑ ታውቋል ወይ? የሚለው ነው።

አደጋው የት ላይ ነው?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የወሰዱ 100 ገደማ ሰዎች ኩላሊታቸው ክፉኛ ተጎዳ። በአንዱ ዕፅ ምትክ አሪስቶሎኪያ የተባለ መርዛማ ዕፅ ገብቶ ነበር። ከተጎጂዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ለሳንባ ካንሰር በብዛት የሚሰጠው ሲስፕላቲን ራሱ ኩላሊትን ስለሚጎዳ፣ እንዲህ ያለ ዕፅ ቢጨመርበት ጉዳቱ ይደራረባል። አንዳንድ ዕፅዋት ደግሞ ጉበት መድኃኒትን የሚያብላላበትን ፍጥነት ይለውጣሉ፤ መድኃኒቱ ወይ ይደክማል ወይ በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል።

ኢስላም ምን ያስተምረናል?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስም ሕክምናን ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ ዕውቀት ያለውን ሐኪም መጠየቅ ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ሰበብን ማድረስ ነው። አንዳንድ የቻይና ድብልቆች አልኮል ወይም የእንስሳት ክፍሎች ስለሚኖራቸው ይዘታቸውን ማጣራትም ያስፈልጋል።

ታማሚውና ቤተሰቡ፦

- የሚወሰደውን ሁሉ፣ ጥቁር አዝሙድና ማርን ጨምሮ፣ ለካንሰር ሐኪሙ ይንገሩ፤ ማሸጊያውንም ያሳዩ።
- ይዘቱ ያልተጻፈበትን ዱቄት ወይም ፈሳሽ አይውሰዱ።
- በዕፅ ተማምነው ኬሞቴራፒ አያቋርጡ።
- ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት ማነስ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሽፋውን ይለግሳቸው። አሚን።